ጣዕም ስም ሲኖረው፦ ከቡርጎኝ ወይን እስከ ላስታ ማር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ላስታ ነጭ ማርና ከእርሱ ስለሚጣለው ጠጅ ነው። ሆኖም ከሩቅ አገር፣ ከፈረንሳዩ ቡርጎኝ እጀምራለሁ፤ እኛ የጎደለን ነገር እዚያ ጎልቶ ይታያልና።

የቡርጎኝ ምርጥ ቀይ ወይን የሚጠመቀው ፒኖ ኗር ከሚባል አንድ የወይን ዘር ነው። ነገር ግን ጠባብ መንገድ ብቻ የሚለያቸው ሁለት ማሳዎች የተለያየ ስምና እጅግ የተራራቀ ዋጋ አላቸው። ሮማኔ ኮንቲ የተባለው ማሳ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። የሲስተርሲያን መነኮሳት ክሎ ደ ቩዦ የተባለውን ቦታ ወይን መትከል የጀመሩት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ዩኔስኮ የእኛን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978፣ የእነርሱን ማሳዎች በ2015 መዝግቧል። ወይን ሰብሳቢው ለጠርሙሱ ገንዘብ ሲከፍል የማሳውን ስምና የመከሩን ዓመት አብሮ ይገዛል።

ወደ ላስታ ልመለስ። የንጉሡ ስም ራሱ ከንብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክረምት አልፎ ደጋው በአበባ ሲሸፈን የሚቆረጠው ነጭ ማር ሲረጋ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ትልቋ አክስቴ ጠጅ ጣይ ነበሩ። ማሩን በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይህ የአቡነ ዮሴፍ ግርጌ ነው፤ ያኛው ከቡግና ወገን የመጣ» ይሉ ነበር። በወይራ በታጠነ ጋን አንዱን እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ በርዘው የጌሾ እንጨት ይጨምሩበታል። ከዚያ በኋላ ጠጁን በብርሌ ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩታል፤ ያሸቱታል፤ ምሬቱ ከጣፋጩ በኋላ ካልመጣ ለእንግዳ አያቀርቡም። በነገሥታቱ ግብር አሳላፊው በመዳፉ አንቆርቁሮ ይቀምስ እንደነበር ይነገራል፤ ያ ግን ለመርዝ ጥርጣሬ ነው። የአክስቴ ቅምሻ ሌላ ዳኝነት ነበር። አንዲት ቃል ሳይጻፍ አብሯቸው ተቀበረ።

ጉዳቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ «የላስታ ነጭ ማር» ተብሎ የተሸጠልኝን ቀመስሁ። ጣፋጩ ጉሮሮ ላይ ሳይቆይ አለፈ፤ ሽታ አልነበረውም። ስኳር እንዳለበት አልተጠራጠርሁም። ለሻጩ ስነግረው ግን «በምን አወቅህ?» አለኝ፤ ከምላሴ በቀር የማሳየው ምስክር አልነበረኝም።

ቡርጎኝም አታላይ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዮርክ ላይ የፖንሶ ቤት ስም የተለጠፈባቸው ክሎ ሳን ደኒ የተባሉ ጠርሙሶች ለጨረታ ቀረቡ፤ የበርካታዎቹ ዓመት ከ1982 በፊት ነበር። የቤቱ ጌታ ሎራን ፖንሶ ቤታቸው ያንን ወይን መጥመቅ የጀመረው በ1980ዎቹ መሆኑን ጠቅሰው ጨረታውን አስቆሙ። ጠርሙሶቹን ያቀረበው ሩዲ ኩርኒያዋን በ2013 በሐሰተኛ ወይን ሽያጭ ጥፋተኛ ተባለ። ልብ በሉ፤ ጠርሙሱን ማንም ሳይከፍት፣ ማንም ሳይቀምስ ውሸቱን ያጋለጠው የማሳና የዓመት መዝገብ ነበር።

ጠጅ እንደ ወይን ለሃምሳ ዓመት ተከድኖ አይቀመጥም፤ ስለዚህ እኔ ማሩን መሰብሰብ ጀመርሁ። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የቀፎውን መንደር፣ የተቆረጠበትን ወርና ዓመት፣ በዙሪያው ያበበውን አበባ እጽፋለሁ። በሚቀጥለው ኅዳር አብረውኝ ወደ ላስታ ወጥተው ከንብ አርቢዎች ጋር ይህን መዝገብ የሚያሰፉ አራት ተማሪዎች እፈልጋለሁ፤ በተለይ አፋቸው በስኳር ያልተበላሸ።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሰባት ብልቃጥና ማንኪያዎች አሉ። አንዷ ብልቃጥ ያቺ አዲስ አበባ የገዛኋት ናት። የትኛዋ እንደሆነች አልነግራችሁም።