ከፈረሰኞች ማኅበር የሚቀሰም ትምህርት



በአዊ ምድር የሚገኘው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። አባላቱ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን አስጊጠው በእንጅባራ ይሰበሰባሉ፤ በጉግስና በሽምጥ ግልቢያ ይወዳደራሉ፤ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ያስባሉ። ማኅበሩ ግን ለበዓል ብቻ የቆመ አይደለም። በሐዘንና በደስታ ይረዳዳል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ የፈረስ አያያዝንም ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፋል።

ለመርሳና ለሀብሩ ሰው ከዚህ የሚተርፈው ቁም ነገር ምንድን ነው? ከደጋ ወደ ገበያ እህል ከሚያወርዱት መካከል የጋማ ከብት አንዱ ነው። ጭነቱ በአከርካሪው ላይ ካረፈ ክብደቱ በጠባብ ስፍራ ስለሚከማች ቆዳው ይላጣል፤ እንስሳውም ገጣባ ይሆናል። በግራና በቀኝ በእኩል ሚዛን፣ በሰፊ መደላድል ላይ ካረፈ ግን ግፊቱ ይከፋፈላል።

ይህን ማስተማር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በመርሳ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ ልምድ ያካበቱ ባለከብቶችም አሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ ማኅበር ቢቋቋም ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል። መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ሸክሙ የሚያርፍበትን አስቀድሞ እንደሚያሰላ ሁሉ፣ ለእንስሳው ጀርባም ሊያሰላ ይገባዋል።