ስለ ዳማከሴና ስለ ሴፕሲስ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «አጭር አድርጊው» ብለውኛል፤ ወጡም እየሸተተ ስለሆነ እሞክራለሁ።

ዳማከሴ ያልተቀባ፣ በቡና ያልጠጣ ከመካከላችን ማን አለ? በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ትኩሳት የማብረድ አቅም እንዳለው አሳይተዋል። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ የባክቴሪያን ሽፋን ይጎዳሉ። ታዲያ «ይኼ ሁሉ እያለን ለደም መመረዝ ለምን አንጠቀምበትም?» የሚል ጥያቄ ከታካሚም ከዘመድም ይመጣብኛል። የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

የሌላ ፋኩልቲ ምሩቃንም ስላላችሁ ትንሽ ላብራራ። ሴፕሲስ ማለት ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገባ ማለት ብቻ አይደለም። ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያስነሣው ብግነት ከልክ አልፎ የገዛ አካሉን ሲጎዳ ነው። የደም ሥር ያፈስሳል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ጋር በተያያዘ እንደሞተ ተገምቷል። ባክቴሪያውን መግደል ብቻ አይበቃም፤ ብግነቱን መግራት ግን ዘመናዊውንም ሕክምና አስቸግሯል። በ2001 ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት የተፈቀደው ዚግሪስ በ2011 ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ ከገበያ ወጣ።

የቻይናዎቹ ሥራ የሚያስቀናኝ ለዚህ ነው። ሹየቢጂንግ የሚባል፣ ከአምስት ዕፅዋት የሚዘጋጅ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አላቸው። (አንዱ ሱፍ ነው! እኛ ዘሩን ለጾም ፍትፍት እናደርገዋለን፣ እነሱ አበባውን ይወስዳሉ።) 1,817 የሴፕሲስ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን ይህንን፣ ለሌላው ማስመሰያ ሰጡ። በ28 ቀን ውስጥ ማስመሰያ ካገኙት 26.1 በመቶ፣ መድኃኒቱን ካገኙት 18.8 በመቶ ሞቱ። ውጤቱ በ2023 ታተመ። እኔ በሌላ አገርም መደገም አለበት ባይ ነኝ። ግን ልብ በሉ፦ አንቲባዮቲኩንና የተለመደውን ሕክምና አላስቀሩም፤ በዚያ ላይ ጨመሩበት እንጂ። መጠኑም የተለካ ነው።

እኛ ጋ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «እቤት ምን ወሰዱ?» ስንል መልሱ «ምንም» ነው፤ ጤና አዳሙ ከጋቢው ላይ እየሸተተ! ሐኪም እንደሚቆጣ ስለሚያውቁ ነው የሚደብቁት። በቁጣው የምናጣው ደግሞ ብዙ ነው። ትኩሳቱ በረድ ሲል «ተሻለው» ተብሎ አንድ ሌሊት እንደታደረ አናውቅም፤ በሴፕሲስ ደግሞ እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠራል። አራስ ሕፃን እንዲያውም ላያተኩስ ይችላል፤ ጡት እምቢ ይላል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። እሱን ይዞ ቅጠል ፍለጋ መሄድ የለም፣ በቀጥታ ጤና ተቋም ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች፣ ሳንቆጣ እንጠይቅና ካርዱ ላይ እንጻፍ፦ የትኛው ቅጠል፣ ስንት፣ መቼ፣ በምን ተደርጎ። ኬሚስቶች፣ ፋርማሲስቶችና የዕፅዋት ባለሙያዎችም እዚሁ ተቀምጣችኋል፤ ያለእናንተ ይህ መዝገብ የትም አይደርስም። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ከምሳ በፊት ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉልኝ፤ ከምሳ በኋላማ ማን ይገኛል!