የአሮጌ ፒክአፕ ሞተር ዕድሜው ስንት ነው?



የእህቴ ልጅ ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ ያገለገለ የናፍጣ ሃይሉክስ ሊገዛ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ክሩስኮቱ ላይ 180,000 ኪሎ ሜትር ስለ ተነበበ፣ በሚገባ የተያዘ የናፍጣ ሞተርም 300,000ና ከዚያ በላይ መሄዱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ «ገና ብዙ ይቀረዋል» ስል መለስኩለት። አብሮን የመጣው ሽማግሌ መካኒክ ግን እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ፣ «ሻጮቹ ቀድመው አሙቀውታል፤ ነገ ማለዳ ሳይነሣ እንድረስበት» ብሎ መለሰን።

ነገሩ ምሥጢር አለው። ሩዶልፍ ዲዝል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን አየርን አምቆ በማጋል ብቻ ነውና፣ ፋሻው ያለቀ ፒስቶን አየሩን ስለሚያሾልክ፣ ሲሞቅ የሸሸገውን ሕመም በቀዝቃዛ ማለዳ ይናዘዛል።

ስለ ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ ሲባል ቁጥሩን እንጂ ድካሙን እንደማንሰማ ሁሉ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያም የሚናገረው ርቀትን ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የተጓዘ መኪና 300,000 ለመድረስ 5,000 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሞተሩም በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር በጠቅላላው 600 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። ሆኖም በከተማ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ሲያጓራ የዋለበትን ሰዓት፣ ወይም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን በከባድ ማርሽ ያቃሰተበትን ዳገት መቁጠሪያው አይጽፈውም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ደረስን። ሞተሩ ብዙ ካስጨነቀ በኋላ ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ለቀቀ። መካኒኩም እንዲህ ሲል አስረዳን፦ ሰማያዊው ዘይት መብላቱን ያሳያል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጢስ፣ በተለይ የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ፣ የጓርኒሲዮን መቃጠልን ያስጠረጥራል፤ ጥቁሩ ግን አየር ሲያንስ ወይም ናፍጣ ሲበዛ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ስስ አየር ጥቂቱ ብቻውን አያስኮንንም። ከዚያም ጎማው እስከ ብረቱ ያለቀውን የፍሬን ፔዳል አሳየን፤ ያ ፔዳል የ180,000ው ምስክርነት ሐሰት መሆኑን በዝምታ ያጋልጥ ነበር።

የእህቴ ልጅ የቀድሞ ጥያቄውን ቢደግምለት፣ ሽማግሌው «ልጄ፣ ፋሻና ኩሽኔታ ከለወጥክለት ሁለተኛ ዕድሜ አለው፤ የማደሻውን ወጪ ከመግዣው ዋጋ አስቀንስ፤ ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ቀይረህ ቀኑን ጻፍ» አለው።

እንደ ተባለውም ተደረገ። ዛሬ በዚያ መኪና ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች፤ አንድ ቀን ለሚመጣው ገዢ፣ ከክሩስኮቱ ይልቅ እርስዋ ትመሰክርለታለች።