አጋር ፍለጋ፦ ከኦቡኪቭ እስከ ፒዮንግቻንግ

የዛሬው ዝግጅት ዕድሜዋን በበረዶ ላይ ስላሳለፈች አንዲት ስፖርተኛ ነው፤ ስሟ አልዮና ሳቭቼንኮ ይባላል። ዓመቶቹ የሚጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ጋንግኑንግ ከተማ። የፒዮንግቻንግ ክረምት ኦሎምፒክ የጥንዶች ፊገር ስኬቲንግ ውድድር ተጀምሯል። አልዮና 34 ዓመቷ ነው፤ ይህ አምስተኛ ኦሎምፒኳ ነው። በዚህ ስፖርት 34 ዓመት ብዙ ነው። ከፈረንሳይ ተወላጁ አጋሯ ከብሩኖ ማሶ ጋር አጭሩን ፕሮግራም እያቀረቡ፣ ጎን ለጎን ሳይነካኩ እኩል ዘለው፣ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ዞረው እኩል የሚያርፉበት ቦታ ደረሱ። እሷ ሦስቱን ዙር ጨረሰች። እሱ ሁለት ላይ ቀረ።

ብሩኖ አልወደቀም። ለስፖርቱ እንግዳ የሆነ ተመልካች ስህተቱን ልብ ላይለው ይችላል። ዳኞቹ ግን ዙር ይቆጥራሉ፤ ሳልኮው የሚባለው ይህ ዝላይ በሦስት ዙር ሲሠራ መነሻ ዋጋው 4.4 ነጥብ፣ በሁለት ዙር ሲሠራ 1.3 ብቻ ነበር። ጀርመንን የወከሉት ጥንዶች በ76.59 ነጥብ አራተኛ ሆኑ። ከመሪዎቹ ከቻይናውያኑ ሱዪ ዌንጂንግ እና ሃን ጾንግ የሚለያቸው 5.80 ነጥብ ነበር። የቀራቸው አንድ ሌሊትና አንድ ነፃ ፕሮግራም ነው።

የጥንድ ስኬቲንግ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት የሚሠራ ስፖርት ነው። ሜዳው ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሜትር ይሆናል። ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ አንስቶ እየተንሸራተተ ይዟት ይሄዳል፤ ወደ ላይ አስፈንጥሯት አየር ላይ እየተሽከረከረች ስትወርድ ይቀልባታል፤ አንድ እጇን ይዞ በዙሪያው ሲያሽከረክራት ደግሞ ጀርባዋ ወደ በረዶው ተዘርግቶ ፀጉሯ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ይህን የመጨረሻውን ራሳቸው ስፖርተኞቹ የሞት ሽክርክሪት ይሉታል። ውርወራ የሚባለው ግን ከሁሉም ይለያል፤ የአልዮናን ሕይወት የሚያውቅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው እሱን ነው።

ውርወራውን ቀረብ ብለን እንየው። ሁለቱ በፍጥነት እየተንሸራተቱ ነው፤ የወንዱ ሁለት እጆች ወገቧ ላይ ናቸው። እሷ ጉልበቷን አጥፋ በአንድ እግሯ ስለት ጠርዝ ላይ ትመዝናለች፤ እሱ መላ ሰውነቱን አዙሮ ይለቃታል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ምንም ሊያግዛት አይችልም። እጆቿን ደረቷ ላይ ትሰበስባለች፣ እግሮቿን ታጣምራለች፣ አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ሦስት ዙር ትዞራለች፤ ከዚያም ከተለቀቀችበት ብዙ ሜትር ርቃ፣ ወደ ኋላ እየሄደች በአንድ እግር ታርፋለች። የምታርፍበት የብረት ስለት ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። እሱ በአለቃቀቁ ትንሽ ካዘነበለ፣ ወድቃ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። እንግዲህ እንዲህ ያለ አጋር በአንድ ጀንበር አይገኝም።

አልዮና የተወለደችው በ1984 ከዩክሬኗ ኪዬቭ በስተደቡብ በምትገኘው ኦቡኪቭ ከተማ ነው። አባቷ ክብደት አንሺ ነበር። በሕፃንነቷ የስኬቲንግ ጫማ ተሰጣት፤ የመጀመሪያ ሜዳዋም በክረምት የሚቀዘቅዝ ኩሬ ነበር። ትክክለኛ የበረዶ አዳራሽ የነበረው ኪዬቭ ስለሆነ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ልምምድ ማለት ረጅም የመኪና መንገድ ማለት ሆነባት።

በ2000 ከስታኒስላቭ ሞሮዞቭ ጋር ለዩክሬን የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ2002 ኦሎምፒክ 15ኛ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ተለያዩ። የአንድ ጥንድ ስኬተር ትልቁ ጭንቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሯጭ አሠልጣኙን ቢያጣ ብቻውን ወጥቶ ይሮጣል። አጋሩን ያጣ ጥንድ ስኬተር ግን የተማረውን ግማሽ እንኳ ሊለማመደው አይችልም። ዕድሜው ይሄዳል፤ ቁመቱ፣ ጉልበቱ፣ የአዘላለል ስልቱና ጠባዩ የሚገጥመው ሰው በዓለም ላይ ምናልባት ጥቂት ብቻ ነው፤ እነሱም ሌላ አጋር ይዘዋል።

ስለዚህ በ2003፣ በ19 ዓመቷ፣ አገሯን ትታ ወደ ጀርመኗ ኬምኒትስ ሄደች። እዚያ የጠበቃት ሮቢን ሾልኮቪ ነበር። ሮቢን በ1979 በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን፣ ግራይፍስቫልድ ከተማ ከጀርመናዊት እናትና ከታንዛኒያዊ አባት የተወለደ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛና የተረጋጋ ሰው ነው፤ አልዮና ደግሞ እሳት። አሠልጣኛቸው ኢንጎ ሽቶየር ራሱ በ1997 ከማንዲ ቮትሰል ጋር የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ነው። በ2006 ከቱሪን ኦሎምፒክ በፊት ሽቶየር ለምሥራቅ ጀርመን የደህንነት መሥሪያ ቤት መረጃ ያቀብል እንደነበር ተገለጠ፤ የአገሪቱ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ሊያስቀረው ቢሞክርም በፍርድ ቤት ተከራክሮ ሄደ። ሁለቱ ወጣቶች አሠልጣኛቸውን አልተዉም። በቱሪን ስድስተኛ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማንም የሚክደው አይደለም፦ በ2008፣ በ2009፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2014 የዓለም ሻምፒዮን፤ አራት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን። በ2012 ኒስ ላይ ያሸነፉት በ0.11 ነጥብ ነበር።

ኦሎምፒኩ ግን እምቢ አላቸው። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ወርቁ ይጠበቅባቸው ነበር፤ ያገኙት ነሐስ ነው። በ2014 ሶቺ ላይ አልዮናና ሮቢን ፕሮግራማቸውን የዘጉት እጅግ ጥቂቶች በሚደፍሩት ባለሦስት ዙር ተኩል ውርወራ ነበር። አልዮና ወደቀች። አሁንም ነሐስ። ወርቁን የወሰደችው ከማክሲም ትራንኮቭ ጋር ለሩሲያ የተሰለፈችው ታቲያና ቮሎሶዣር ነበረች። ይህች ታቲያና እንደ አልዮና ሁሉ ዩክሬን የተወለደች ናት፤ ከዚያ ቀደም የነበራት አጋርም የአልዮና የቀድሞ አጋር ስታኒስላቭ ሞሮዞቭ ነው። የጥንዶች ዓለም ይህን ያህል ጠባብ ናት።

ከሶቺ በኋላ ሮቢን አንድ ተጨማሪ የዓለም ሻምፒዮንነት አብሯት ወስዶ ጫማውን ሰቀለ። አልዮና 30 ዓመቷ ነበር። ብዙዎች እሷም ታቆማለች አሉ። እሷ ግን ብሩኖ ማሶን ይዛ ብቅ አለች፤ በፈረንሳይ ካን ከተማ የተወለደ፣ በአምስት ዓመት የሚያንሳት፣ ከእሷ ጋር ሲቆም ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር በላይ የሚበልጣት ሰው። አዲሱ አሠልጣኛቸው አሌክሳንደር ኮኒግ፣ ልምምዳቸውም በአልፕስ ተራሮች ሥር ባለችው ኦበርስትዶርፍ ሆነ።

ጭንቁ ከበረዶው ውጭም ነበር። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ብሩኖን ለመልቀቅ ፈቃደኛ ባለመሆኑ ከአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን በላይ በልምምድ ብቻ አለፈ። በመጨረሻ 30,000 ዩሮ ተከፍሎ ተለቀቀ። በ2016 የዓለም ነሐስ፣ በ2017 ብር አገኙ። ለኦሎምፒክ ግን ሁለቱም የአንድ አገር ዜጎች መሆን አለባቸው። ብሩኖ ለዜግነት የሚያስፈልገውን የጀርመንኛ ቋንቋ ፈተና ወደቀ፤ በኋላ ግን አለፈ። ዜግነቱን ያገኘው በኖቬምበር 2017 ነው፤ ኦሎምፒኩ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ያን ሁሉ ወር ሊሰለፉበት መቻላቸው ላልተረጋገጠ ውድድር በየቀኑ መወራወር፣ መውደቅና መነሣት ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ አስቡት።

እንግዲህ ወደ ጋንግኑንግ እንመለስ። ፌብሩዋሪ 15። ከፊት ካሉት አራት ጥንዶች መጀመሪያ የወጡት እነሱ ነበሩ። ሙዚቃው የአርማን አማር፣ የእንቅስቃሴው ቅንብር በ1984 በሳራዬቮ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው የእንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ዲን ነው። ትናንት የተሳሳተው ሳልኮው ሦስቱን ዙር ሞላ። አልዮና በውርወራው እንደ ላባ አረፈች፤ የስለቱ ድምፅ እንኳ እምብዛም አልተሰማም። አራት ደቂቃ ተኩል ያህል አንድም ስህተት አልነበረም። ሙዚቃው ሲያልቅ ሁለቱም በረዶው ላይ ተዘረጉ። 159.31 ነጥብ፤ በነፃ ፕሮግራም እስከዚያ ቀን ማንም ያላገኘው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የአልዮና የቀድሞ አጋር ሮቢን ሾልኮቪ በዚያን ጊዜ አሠልጣኝ ሆኖ ከሩሲያውያኑ ከየቭጌኒያ ታራሶቫና ከቭላዲሚር ሞሮዞቭ ጋር ይሠራ ነበር፤ እነሱ አራተኛ ሆኑ። የካናዳ ጥንዶችም ከአልዮናና ከብሩኖ በታች ቀሩ። ቻይናውያኑ በመጨረሻ ወጡ፤ ድምር ነጥባቸው 235.47 ተብሎ በሰሌዳው ላይ ተጻፈ። የአልዮናና የብሩኖ 235.90 ነበር። ልዩነቱ 0.43 ነጥብ ነው። ጀርመን በጥንዶች የኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ ከ1952 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በቀጣዩ ወር ሚላን ላይ በ245.84 ነጥብ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ለአልዮና ስድስተኛዋ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ለውድድር አልቀረቡም። በሴፕቴምበር 2019 አልዮና ሴት ልጅ ወለደች።