የዶሮ መኖና የአስኳል ስብ



የቂርቆስና የካዛንቺስ ዕንቁላል ገዢ የቆየ ጥያቄ «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» የሚል ነው። መልሱንም የሚያረጋግጠው ቤቱ ገብቶ ዕንቁላሉን ሲሰብር በአስኳሉ ቢጫነት ነው። ይሁን እንጂ ቢጫነቱ ዶሮዋ ቢጫ በቆሎ ወይም ለምለም ቅጠል መቅመሷን ይመሰክር እንደሆነ እንጂ ስለ ስቡ ዓይነት የሚነግረው እጅግ ጥቂት ነው። በመኖው ላይ ማቅለሚያ ጨምሮ ማድመቅም ይቻላል።

ከአስኳሉ ክብደት ሲሶ ያህሉ ስብ ነው። ስቡ በዶሮዋ ጉበት ተዘጋጅቶ በደም አማካይነት ወደሚያድገው አስኳል ይደርሳል። አስኳሉ ፈጥኖ የሚያድገው በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ገደማ ስለሆነ የመኖ ለውጥ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይታይበታል። ሁሉም ግን እኩል አይለወጥም። የሚረጋው ስብና ኮሌስትሮሉ ብዙም አይነቃነቁም፤ በመኖ «ኮሌስትሮል የሌለው ዕንቁላል» አስገኛለሁ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ሊታመን አይገባውም። በቀላሉ የሚለወጡት ኦሜጋ 6 እና ኦሜጋ 3 የሚባሉት የማይረጉ ቅባቶች ናቸው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ሁለት የቅባት እህሎች ይለያያሉ። በኑግ ፋጉሎ ውስጥ የሚቀረው ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም ኦሜጋ 6 ነው። የተልባ ዘይት ግን ከግማሽ የሚበልጠው ኦሜጋ 3 ነው። ተልባ የበላች ዶሮ ይህንኑ በአስኳሏ ታኖራለች፤ ከፊሉንም ጉበቷ ለአንጎልና ለዓይን ወደሚያገለግለው ዲ.ኤች.ኤ. ይለውጠዋል። የጾሙ ተልባ በፍስኩ ዕንቁላል ውስጥ መገኘቱ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ እንዲህ ነው። ሲበዛ ግን ዕንቁላሉ የዓሣ ጠረን ሊያመጣ ይችላል፤ ዘይቱም ቶሎ ስለሚበላሽ መኖው ቪታሚን ኢ ይሻል።

በ1989 እ.ኤ.አ. አርቴሚስ ሲሞፖሎስና ኖርማን ሳሌም ቅጠልና ነፍሳት እየለቀመች ያደገች የግሪክ ዶሮ የጣለችውን ዕንቁላል ከአሜሪካ የሱቅ ዕንቁላል ጋር አነጻጽረው ነበር። የኦሜጋ 6 ብዛት ከኦሜጋ 3 አንጻር በግሪኩ 1.3 እጥፍ፣ በአሜሪካው 19.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

በካዛንቺስ አሮጌ ግቢዎች ስትጭር የምትውለው ዶሮም ቅጠልና ትል ትለቅም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ አብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ሲነሣ ግቢዎቹም አብረው ጠፉ። ከቢሾፍቱ እርባታዎች ተጭኖ የሚመጣው ዕንቁላል የስቡ ዓይነት የሚወሰነው መኖው በሚቀላቀልበት ቦታ ነው፤ ገዢው ይህን በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ተልባ አበላሁ ብሎ ዋጋ የሚጨምር እርባታ ቢኖር የሚያመሳክርበት ነገር በእጁ የለም። የአስኳሉን ቅባት በቤተ ሙከራ ለክቶ ውጤቱን በጽሑፍ መስጠት ግን የማኅበሩ አባላት ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።