በአርባ ብር ስምንት ሯጮች

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ማታ በዚህ መድረክ እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፥ አንዳንዶቹ ጓደኞቻችን ስለ ወጣቱ ኃላፊነት እንድንናገር መክረውን ነበር። ምክራቸውን በአክብሮት ሰማን፤ የመረጥነው ግን ሌላ ነው። የምንናገረው በመኝታ ቤታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ስለ ነሣን አንድ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ቀልድ ቢመስልም፥ በመጨረሻ የገዛ የእስፖርት ኮሚቴያችንን ጥፋት ያወጣ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሳንደብቅ ልናቀርብላችሁ ወሰንን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከኢትዮጵያ ሯጮች መካከል ሕዝብ የዘነጋቸውን እየመረጡ ስምንት ሰው ያለበት ቡድን ማቆም ነው። ስምንት ያልነው የመሮጫ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት መስመር ስላለው ነው። በኦሎምፒክ ወይም በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በግሉ ወርቅ ያገኘ ሰው አይገባም፤ ስለዚህ አበበ ቢቂላ፥ ማሞ ወልዴ፥ ምሩጽ ይፍጠር፥ ደራርቱ ቱሉ፥ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፥ ቀነኒሳ በቀለ፥ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም ከደጅ ቀሩ። አገር አቋራጭ ግን አልተቆጠረም። ከአንድ ዓይነት ሩጫ ከሦስት ሰው በላይ አይመረጥም፤ ይህን የቀዳነው ከኦሎምፒክ ሕግ ነው፤ እዚያም አንድ ሀገር ለአንድ ሩጫ ከሦስት በላይ አያሰልፍምና። ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ፤ ቢያንስ አንድ የአዊ ልጅ ይኑር። ከሁሉ የከበደው ግን ገንዘቡ ነው። እያንዳንዱ መራጭ በእጁ ያለው 40 ብር ብቻ ነው። ብር ሜዳልያ ያገኘ 10 ብር፥ ነሐስ ያገኘ 6 ብር፥ አራተኛ የወጣ 3 ብር፥ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ 1 ብር ያወጣል። (ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን፤ ውድድሮቹ የሚታወቁት በዚያ ነውና።)

በመጀመሪያው ማታ የሆነው ነገር ያስቃል። ሁላችንም የምናውቃቸውን ስም መጥራት ጀመርን። ስለሺ ስኂን፥ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሁለት ጊዜ ብር ያገኘው፥ 10 ብር። እጅጋየሁ ዲባባ፥ በአቴንስ ብር ያገኘችው፥ 10 ብር። አሰፋ መዝገቡ፥ በ2001 በኤድመንተን ብር ያገኘው፥ 10 ብር። መሰለች መልካሙ፥ በ2009 በበርሊን ጨረስሁ ብላ እጅዋን ስታነሣ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ አጠገብዋ ሾልካ ወርቁን የወሰደችባት፥ 10 ብር። ገንዘቡ አለቀ። በሜዳው ላይ አራት ሰው ቆመ፤ አራቱ መስመር ባዶውን ቀረ። የተዘነጉትን እንፈልግ ብለን የሄድነው ሰዎች፥ የታወቁትን በውድ ገዝተን ተመለስን ማለት ነው።

ክርክሩ ሲግል ድምፃችን ወደ ውጭ ወጥቶ ኖሮ፥ የመኝታ ቤታችን ዘበኛ በሩን ገፋ አድርገው ጸጥታ እንድናደርግ አዘዙን። ይቅርታ ጠይቀን፥ «ጋሼ፥ እርስዎስ ማንን ይመርጣሉ?» አልናቸው። ቆም ብለው አሰቡና፥ «እናንተ ልጆች፥ ከበደ ባልቻን የት ጥላችሁት ነው?» አሉን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ስሙን ከመካከላችን ያወቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ስልካችንን ከፍተን ፈለግን። በ1983 በሄልሲንኪ የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲደረግ፥ ከበደ ባልቻ በማራቶን ሁለተኛ ወጥቷል። ቀድሞት የገባው አውስትራሊያዊው ሮበርት ዴ ካስቴላ ነው፤ ከኋላው ሦስተኛ የገባው ደግሞ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ጀርመናዊው ቫልደማር ሲርፒንስኪ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ሻምፒዮና ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳልያ ይኸው ነው። የሞንትሪያልንም ማራቶን አራት ጊዜ አሸንፏል። ዘበኛው ይህን ሁሉ በወጣትነታቸው በሬዲዮ ሰምተው በቃል ይዘውታል። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰን፥ ዩኒቨርሲቲ ገብተን፥ የእስፖርት ኮሚቴ ተብለን አናውቅም።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ምርጫው ሌላ መልክ ያዘ። ከበደ ባልቻን በ10 ብር ገዛን። ሁለተኛዋን 10 ብር ለወርቅነሽ ኪዳኔ ሰጠን። በ2003 በፓሪስ በ10,000 ሜትር ብርሃኔ አደሬን ተከትላ ብር አገኘች፤ በዚያው ዓመት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ነበረች፤ በሚቀጥለው ዓመት በአቴንስ እጅጋየሁ ብር፥ ደራርቱ ነሐስ ሲወስዱ እርስዋ አራተኛ ወጣች። ለማስታወስ የሚቸግረው፥ ከፊትዋ ያሉት ሁለቱ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ነው። በሌላ ሀገር ብትወለድ በስምዋ አደባባይ ይሰየምላት ነበር ያለው ጓደኛችን ትንሽ ሳያበዛው አልቀረም፤ ነገር ግን አልተቃወምነውም።

መሐመድ ከድር 6 ብር። በ1980 በሞስኮ በ10,000 ሜትር ምሩጽ ሲያሸንፍ ነሐስ ያገኘው እርሱ ነው። አንድ ዓመት ቆይቶ በማድሪድ በዓለም አገር አቋራጭ የኢትዮጵያ ልጆች ዙሩን ተሳስተው፥ አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው ሽምጥ ሲጋልቡ፥ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ከድር ሁለተኛ ገባ። በ1982 በሮም ዙሩን በትክክል ቆጥሮ አንደኛ ወጣ። በዚያው በሞስኮ አራተኛ የወጣውን ቶሎሳ ቆቱን በ3 ብር መግዛት ይቻል ነበር፤ ሦስት ብር መቆጠብ ነው በማለት ሁለት ሌሊት ተከራክረንበታል።

እሸቱ ቱራ 6 ብር። በሞስኮ በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ ያገኘ ነው። መሰናክል በእኛ ሀገር እንደ እንጀራ ልጅ የሚታይ ሩጫ ስለሆነ፥ ከእርሱ ዘንድ ሦስት ሰው ለመውሰድ ተስማማን። ኢትዮጵያ እስከ 2025 ድረስ በዚህ ሩጫ በኦሎምፒክም ሆነ በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላገኘችበትም። ሕይወት አያሌው፥ የጎጃም ልጅ፥ በ2013 በሞስኮ አራተኛ፥ 3 ብር። ጌትነት ዋለ፥ በ2019 በዶሃ አራተኛ፥ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ እንደገና አራተኛ፥ 3 ብር። ሁለት ጊዜ አራተኛ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ፥ ፈተና በአንድ ነጥብ የወደቀ ተማሪ ሳይረዳው አይቀርም።

እስከዚህ 38 ብር ወጥቷል። ሁለት ብርና ሁለት ባዶ መስመር ቀረን።

አንዱ የአዊ ልጅ መሆን አለበት ብለናል። ይነው አላምረው የተወለደው እዚሁ ቅርባችን ጥሊሊ ነው። በ2011 በዶሃ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ከ26 ሮጦ አሸነፈ። በጁላይ 2012 በፓሪስ በተደረገው የ5,000 ሜትር ሩጫ 12 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ከ77 ገባ። በዚያ ሩጫ የርቀቱ የዓለም ሬኮርድ ባለቤት ቀነኒሳ በቀለ 9ኛ ወጣ። ለለንደን ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር የተላኩት ደጀን ገብረ መስቀል፥ ሐጎስ ገብረ ሕይወትና የጥሊሊው ይነው ሆኑ፤ ቀነኒሳ በዚያ ርቀት አልተሰለፈም። በለንደን ፍጻሜ ይነው 12ኛ ስለ ወጣ፥ በጨዋታችን ሕግ ዋጋው 1 ብር ብቻ ነው። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ላይ ስሙን የሚጠራ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የዳይመንድ ሊግን የ5,000 ሜትር ውድድር እንዳሸነፈም ሲነገር አንሰማም።

የመጨረሻው መስመር የተሞላው እንደገና በዘበኛው ምክንያት ነው። ዝርዝሩን ስናነብላቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ «ያን ጊዜ ሀገሪቱ ያልላከቻቸውንስ በስንት ብር ትገዟቸዋላችሁ?» አሉን። ኢትዮጵያ በ1976 በሞንትሪያል፥ በ1984 በሎስ አንጀለስ፥ በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ አልተገኘችም። ምክንያቱን የታሪክ መምህራኖቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እኛን የሚመለከተው ሕጋችን ነው፤ ለአራተኛ ዋጋ አውጥተን፥ በሩ ተዘግቶበት ለቀረ ሰው ዋጋ አላወጣንም። በላይነህ ዲንሳሞ በኤፕሪል 1988 በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ሬኮርድ ሰበረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሴኡል ላይ የማራቶኑ መነሻ ተኩስ ሲተኮስ የዓለም ፈጣኑ ሰው በዚያ አልነበረም። ሬኮርዱን ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በርሊን ላይ እስኪያሻሽለው ድረስ፥ እስከ 1998፥ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። በእኛ ሕግ ይህ ሰው 1 ብር ነው! ገዛነው፤ 40 ብሩ ሞላ፤ ግን አፍረን ነው የገዛነው።

እዚህ ላይ፥ ሦስት ብቻ የሚለው ሕግ ክፉ ነው ልንል አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፥ ፈረስ ያለው ሁሉ ወጥቶ ይጋልባል፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ማንም ተጠባባቂ ነህ አይባልም። ማኅበሩ በእኛ አቆጣጠር በ1932 ተመሠረተ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ በዓሉን በወሰን አላጠበበም። የመሮጫ ሜዳ ግን ጠባብ ነው፤ ወሰን ያስፈልገዋል። ጥያቄው ወሰኑ ላይ የቆመውን ሰው እንዴት እንይዘዋለን ነው። በጁን 2024 በስፔን ኔርሃ በተደረገው የ10,000 ሜትር ማጣሪያ ቢኒያም መሐሪ በ26 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ገብቶ አራተኛ ስለ ሆነ፥ በዚያ ርቀት ቦታ አላገኘም። በፓሪስ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ የተገኘው በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው። (ማጣሪያና ፍጻሜ አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን።) በዚያው በፓሪስ ሲሳይ ለማ ቢጎዳ በማራቶን የተተካው ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ነበር። ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሎምፒክ ሬኮርድ ሰብሮ ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ያ ሊሆን የቻለው ታምራት ተጠባባቂ ነህ ሲባል ልምምዱን ስላልተወ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ባለፈው ዓመት ለውድድር የሚላኩትን የመረጥነው እኛ ነን። ማጣሪያ አላደረግንም። አንድ ማታ ሜዳ ላይ ተሰብስበን የምናውቃቸውን፥ ዓምና የሮጡትን፥ የመሮጫ ጫማ ያላቸውን ጻፍን። የኮንጎ ጫማ አድርጎ ዳር ላይ ቆሞ የነበረውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማንም ስሙን አልጠየቀውም። ቡድኑ ሄዶ ተመለሰ፤ ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ አንደግመውም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጧት በአስፋልቱ ላይ ሁለቱ ምርጦቻችን ሲለማመዱ፥ ያ ልጅ ደብተሩን በክንዱ ይዞ አልፏቸው ሄደ። ለምን አልተመዘገብህም ብለን ስንጠይቀው፥ «ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው የለም» አለን። ዛሬ ሜዳ መምጣት ትቷል። ስለ 1984 ስንከራከር ሦስት ሳምንት ያደርን ሰዎች፥ አጠገባችን ለቆመው ልጅ አንድ ብር እንኳ አላወጣንለትም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል። የሚመጣው ቅዳሜ ከጧቱ በ12 ሰዓት፥ ከግቢው በር ተነሥቶ በዘንገና መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚመለስ ማጣሪያ ይደረጋል። የፈለገ ሁሉ ይሮጣል። ሰዓት የሚይዙት ሁለት የኮሚቴ አባሎችና፥ ፈቃዳቸውን የሰጡን አንድ መምህር ናቸው። የሁሉም ሰዓት፥ የመጨረሻውም ጭምር፥ በዚያው ቀን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፋል። አራተኛውና አምስተኛው ከተመረጡት ጋር እኩል ይለማመዳሉ፤ እኩልም ይመገባሉ። ትርፍ የመሮጫ ጫማ ያላችሁ እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ለዘበኛው ስጡልን፤ ቁጥሩን ከጫማው ሥር ጻፉበት። ለዚያ ልጅ ትናንት ሄደን ነግረነዋል፤ አስብበታለሁ ብሎናል። አንድ የእጅ ሰዓት ስለሚጎድለን፥ ሰከንድ የሚቆጥር ያላችሁ ይዛችሁልን ኑ።