በማሽን የሚሠራ አሳይመንት

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትክክለኛ መልስ ሲሰጥም ተማሪን ይጎዳል፤ ሊማርበት የሚገባውን ድካም ያስቀርበታልና። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ይህ ጉዳት በአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶም በቅርብ የሚታይ ሆኗል። በጀሞም ሆነ በለቡ ከትምህርት ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ድሮ ተማሪው በእጁ የጻፈውን ይዞ መጥቶ ያስተይብ ነበር፤ ዛሬ ማሽን የሠራው አሳይመንት በቴሌግራም ይላክና ሽፋን ተሠርቶለት ይታተማል። ማሽኑ መጨረሻ ላይ የሚጨምራት «ተጨማሪ ማብራሪያ ከፈለጉ ይጠይቁኝ» የምትል ዓረፍተ ነገር እንኳ አንዳንዴ እንዳለች ትታተማለች። ሽፋኑ ላይ የአምስት ልጆች ስም ይሰፍራል፤ ጽሑፉን አንብቦ የጨረሰ ግን ከመካከላቸው ላይገኝ ይችላል።

ለአሳይመንቱ ማርክ ይሰጣል፤ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ግን ስልክ አይገባም። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 1,000 በሚጠጉ የቱርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ማሽኑን እንዳሻቸው የተጠቀሙት በሒሳብ ልምምድ 48 በመቶ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ማሽኑ ሲነሣባቸው ግን ጭራሹን ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ አንሰው ተገኝተዋል። መልሱን ሳይሆን ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ በተደረገው ማሽን የተለማመዱት ያን ያህል አልተጎዱም።

በኢትዮጵያ ችግሩ ያረፈው ቀድሞውኑ በሳሳ መሠረት ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው የተሰጠው ቻትጂፒቲ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ለዚህ ውጤት ማሽኑ አይወቀስም፤ ድክመቱን ለመሸፈን ግን ይመቻል። ቋንቋም ሌላ ችግር ነው፤ ማሽኖቹ የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያውም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ቋንቋው ካልጠናለት ያማረውን መልስ ከስሕተቱ ጋር ይቀበላል።

የማሽን ጽሑፍ ይለያሉ የሚባሉት መሣሪያዎችም አያስተማምኑም። የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕንኤአይ የራሱን መለያ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. አንሥቶታል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በፈተሿቸው መለያዎች ደግሞ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ከጻፏቸው ድርሰቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «የማሽን ሥራ» ተብለዋል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ የኢትዮጵያ ተማሪ ቢዳኝ በገዛ ሥራው ሊቀጣ ይችላል።

አስተማማኙ መንገድ ተማሪውን ሰሌዳ ፊት አቁሞ የጻፈውን እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ክፍሉ ለተጨናነቀበት መምህር ግን ሁሉንም በየተራ የሚጠይቅበት ጊዜ ስለማይተርፍ፣ አሳይመንቱ ተሰብስቦ ማርክ ይሰጥበትና ያልፋል።